ሞኒተሩ ይቅደም ወይስ ግራፊክስ ካርዱ?

ጥያቄ፦ ለጌም የሚሆን ኮምፒውተር እየገጣጠምኩ ነው። አንድ 4ኬ ሞኒተር ዓይኔ ውስጥ ገብቷል፤ ግን እሱን ከገዛሁ በሚተርፈኝ ገንዘብ መካከለኛ ግራፊክስ ካርድ ብቻ ነው የማገኘው። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ፦ 4ኬውን ለጊዜው ተወው። እሱ 8.3 ሚሊዮን ገደማ ፒክስል (ምስሉ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) አለው፣ 1080ፒ ግን 2 ሚሊዮን ገደማ ብቻ፤ ስለዚህ ካርዱ ለእያንዳንዷ ፍሬም (ለአንዷ ምስል) አራት እጥፍ ፒክስል መሳል አለበት፣ መካከለኛ ካርድ ደግሞ ከባድ ጌም ላይ እዚያው ትንፋሹ ይቆረጣል። ለአንተ የሚሻለው 27 ኢንች፣ 1440ፒ (በ1080ፒና በ4ኬ መሃል ያለ ጥራት)፣ 144 ኸርዝ (በሰከንድ 144 ጊዜ ምስሉን የሚያድስ) ሞኒተር ነው። የምትጫወተው የኦንላይን ተኩስ ጌም ብቻ ከሆነ 1080ፒም ይበቃሃል፣ እዚያ ውስጥ ቆሞ ሣር የሚያደንቅ ማን አለ! ፍሪሲንክ ወይም ጂሲንክ (ሞኒተሩን ከካርዱ ፍጥነት ጋር የሚያስማማ ቴክኖሎጂ) ያለው ይሁን፤ የፍሬሙ ፍጥነት ከፍ ዝቅ ሲል ምስሉ እንዳይቀደድ ያደርጋል።

ካርዱ ላይ ሜሞሪውን እይ። 8 ጊጋባይት ለአዳዲስ ጌሞች እየጠበበ ነው፣ 12 ካገኘህ ያዘው። ፓወር ሰፕላይህ ካርዱን መቻሉንም አረጋግጥ።

ስትገጥም የሞኒተሩን ኬብል ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ካርዱ ላይ ሰካው። ከዚያ ዊንዶውስ ሴቲንግ ገብተህ 144 ኸርዝ ምረጥ፤ ፈጣን ሞኒተር ገዝቶ ሳያውቀው በ60 የሚጫወት ሰው ሞልቷል።