ቀመሩ አዲሱን ሽያጭ ለምን ይዘለዋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ የእህል መደብር አለን፤ ሽያጩን ኤክሴል ላይ የምመዘግበው እኔ ነኝ። የድምሩ ቀመር ከዲ2 እስከ ዲ300 ይላል። መዝገቡ ከ300 ካለፈ በኋላ የምጽፈውን ግን አይደምርልኝም። በየጊዜው ቀመሩን ማስተካከል ሰለቸኝ። አንድ ልጅ «ኦፍሴት ተጠቀሚ» አለኝ፣ እሱም አልገባኝም። ምን ይሻለኛል?
ኤ. ከጎንደር

መልስ፦ እህታችን፣ ኦፍሴት የሚደመረው ከየት እስከ የት እንደሆነ ራሱ የሚያሰላ ቀመር ነው፤ እሱን ይተዉት። መሥራቱን ይሠራል፤ ግን ፋይሉ ላይ ሌላ ነገር በለወጡ ቁጥር እሱም እንደ አዲስ ስለሚሰላ መዝገቡ ሲበዛ ኮምፒውተሩን ያንቀራፍፈዋል። ለእርስዎ የሚሻለው መዝገቡን ቴብል፣ ማለትም ኤክሴል እንደ አንድ ሰንጠረዥ የሚያውቀው፣ ማድረግ ነው።

መዝገቡ ውስጥ አንድ ሴል ላይ ይቁሙና ኮንትሮልን (Ctrl) ይዘው ቲን (T) ይጫኑ። ኦኬ ከማለትዎ በፊት ግን ዙሪያውን የመጣውን መስመር ይዩት፣ እስከ መጨረሻው ረድፍ ደርሷል? ብዙ ሰው ሳምንትን ከሳምንት ለመለየት ባዶ ረድፍ ይተዋል፤ ኤክሴል ደግሞ ባዶው ጋ ሲደርስ መዝገቡ ያለቀ ይመስለዋል። ባዶዎቹን ረድፎች ያጥፏቸው።

ቀጥሎ «ቴብል ዲዛይን» ውስጥ ገብተው ስሙን «ሽያጭ» ይበሉት፤ አማርኛ ይቀበላል። የገንዘቡ አምድ ርእስ «ብር» ከሆነ ድምሩን ሌላ ሺት ላይ እንዲህ ይጻፉ፦ =ሰም(ሽያጭ[ብር])። «ሰም»ን ብቻ በእንግሊዝኛ ፊደል SUM ያድርጉት። በቃ። ከመጨረሻው ረድፍ ሥር አዲስ ሽያጭ ሲጽፉ ቴብሉ ራሱ ይለጠጣል፣ ድምሩም አብሮት ይሄዳል፣ 300 የሚባል ወሰን የለም።

አሁንም ድምሩ ከጎደለ የገንዘቡን አምድ ይፈትሹ። «4500 ብር» ብለው አንድ ሴል ውስጥ ከጻፉ ለኤክሴል ያ ቁጥር አይደለም፣ ጽሑፍ ነው፤ ሳይነግርዎት ይዘለዋል። 4500 ብቻ ይጻፉ።

እኛን አገር በተለይ የሚያስቸግረው ደግሞ ቀኑ ነው። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ብለው ቢጽፉ፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ጽሑፍ አድርጎ ይይዘዋል፤ ጥቅምት 5ን ግን እንደ ኮምፒውተሩ አቀማመጥ ፌብሩዋሪ 5 ወይም ሜይ 2 ያደርገዋል። ከዚያ በቀን ቅደም ተከተል ላስተካክል ቢሉ ሁሉ ነገር ይተራመሳል። ስለዚህ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብለው ሦስት አምድ ያድርጉና ወሩንም በቁጥር ይጻፉ። አሰልቺ ይመስላል፣ ግን የጥቅምትን ሽያጭ ለብቻው ማውጣት ሲፈልጉ ይጠቅምዎታል።

ፒቮት ቴብል (መዝገቡን ጠቅልሎ የሚያሳይ ሰንጠረዥ) ካለዎትም ምንጩን «ሽያጭ» ያድርጉት። እሱ ግን እንደ ድምሩ ወዲያው አይታደስም፤ አዲስ ነገር ከጻፉ በኋላ በቀኝ ክሊክ «ሪፍሬሽ» ይበሉት።