ልጄ ኦቲዝም አለበት ተባልኩ፤ ጠበል ወይስ ሕክምና?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ልጄ አራት ዓመቱ ነው። ስሙን ስጠራው አይዞርም። አንድም ቃል አይናገርም፤ የሃይላንድ ክዳን ሲያሽከረክር ይውላል። ሐኪሞቹ ኦቲዝም ነው አሉኝ። አማቴ ግን «መንፈስ ነው፤ ሕክምናውን ተይና ጠበል ውሰጂው» ይላሉ። ቅዳሴ ላይ ሲጮኽ ሰው ይገላምጠኛል። በኃጢአቴ ይሆን? ቤተ ክርስቲያን መምጣቱንስ ልተወው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከኃጢአቱ ልጀምር። እንቅልፍ የሚነሳሽ እሱ ነውና። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው «ኃጢአት የሠራው ማን ነው? እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ጌታን ጠይቀውት ነበር። እርሱም ወላጆቹም አልሠሩም አላቸው። ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ነው። ለአማትሽም አንብቢላቸው።

ኦቲዝም የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው። በዘር የሚመጣ ነገር ትልቅ ድርሻ አለው። አንቺ ስላሳደግሽበት መንገድ ወይም ስላስከተብሽው የመጣ አይደለም። የደም ምርመራ የለውም፤ ባለሙያ ልጁን አይቶ፣ እናቱን ጠይቆ ነው የሚለየው። ጆሮው ካልታየ ግን እሱንም አስመርምሪው።

ጠበልና ሕክምና ምን አጣላቸው? መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ባለመድኃኒትን አክብረው፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይለናል። ጠበል ውሰጂው፤ በግድ ይዘው ግን አይንከሩት። እንዲህ ያሉ ብዙ ልጆች ድምፅና ቅዝቃዜ ከእኛ በላይ ይሰማቸዋል። በጣትሽ ነክረሽ ግንባሩን ቀቢው፣ በለመደው ኩባያ አጠጪው። «ሰይጣኑ ጮኸ» የሚል ካለ ልጅሽን ታቅፈሽ ውጪ። የጮኸው ልጅሽ ነው፤ ውኃው ቀዝቅዞት ነው። ማሰርና መምታትማ ፈጽሞ አትፍቀጂ። ሱባኤ ገባሁ ብለሽም የንግግር ቴራፒ ቀጠሮውን አትሰርዢ። ኦቲዝም እንደ ጉንፋን አይለቅም፤ ልጁ ግን ይማራል፣ ይለወጣል። በጸሎትሽ ይህንንም ለምኚ።

ድጋፉን በተመለከተ፣ ብቻሽን አትሸከሚው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ከፈቱ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ እሳቸውም እንዳንቺ ያለቀሱ እናት ነበሩ። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም አለ። ወረፋ ይኖራል፤ ተመዝግበሽ ጠብቂ። እስከዚያው ቤት ውስጥ ጀምሪ። ክዳኑን ሲያሽከረክር አትቀሚው። አጠገቡ ቁጭ በይና አንቺም አንድ ክዳን አሽከርክሪ። ቀና ብሎ ሲያይሽ «ክዳን» በይው። ውኃና ወተት አሳይተሽ አንዱን በእጁ እንዲመርጥ ጠብቂው። የሕፃናት ቴራፒስቶችም ለወላጆች የሚያሳዩት ይህንኑ ነው።

ቤተ ክርስቲያን መቅረቱን ግን አልስማማም። ተጠምቋል፣ ቁርባኑ የእሱም ነው። የሚገላምጡሽን ማስተማር የእኛ ሥራ ነበር፤ አልሠራነውም፣ ይቅር በይን። አንድ ሕፃን አውቃለሁ፤ ከበሮ ሲመታ ጆሮውን ይዞ ይሮጥ ነበር። አንድ ዲያቆን የድባቡን ዘርፍ እንዲነካ ፈቀደለት። አሁን ዘርፉን አንድ በአንድ በጣቱ እየዳሰሰ ጸጥ ብሎ ይቆማል።

ከንስሐ አባትሽ ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪ። የጾሙንም ነገር፣ የሚበላው ምግብ ጥቂት ከሆነ፣ ለእሳቸው ንገሪያቸው። እሁድ መጀመሪያ ላይ ሙሉውን ቅዳሴ ላቁመው አትበይ። ወደ ቁርባኑ ሰዓት ይዘሽው ነይ፣ በሩ አጠገብ ቁሚ፣ ክዳኑንም በኪሱ አድርጊለት። ከጮኸ ግቢው ውስጥ ዛፉ ሥር አንሸራሽሪውና ሲረጋጋ ተመለሱ።