ወንድምሽ ቤቱን ከመሸጡ በፊት እግዱን አውጪ

እህቴ፣ ጥያቄሽ እኔም ከወንድሜ ጋር ያሳለፍኩት ጉዳይ ነው። አባታችሁ ካረፉ በኋላ ታላቅ ወንድማችሁ እናንተን ሳይጠራ ብቻውን የወራሽነት ማስረጃ አውጥቶ፣ አሁን ድሬዳዋ ሳቢያን ያለውን ቤት ለገዢ እያስጎበኘ ነው። «ሽማግሌ ልላክ ወይስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልክሰስ?» ብለሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሁሉ ሽማግሌ ብለዋል። ሽማግሌ ይደርሳል፤ ቤቱ ከተሸጠ ግን ሽማግሌው የሚያስታርቅበት ነገር አይኖርም።

አንደኛ፣ እግድ። ክሱንና የእግድ ማመልከቻውን በአንድ ቀን አስገቢ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በቁጥር 154 ክርክር የተነሣበት ንብረት እንዳይሸጥና እንዳይባክን ፍርድ ቤት ማገድ እንደሚችል ይደነግጋል። ማመልከቻው በቃለ መሐላ ይደገፋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ አለ። በመደበኛው አካሄድ እግድ ከመሰጠቱ በፊት ሌላው ወገን እንዲያውቀው ይደረጋል፤ ወንድምሽ ይህን ሲሰማ ደግሞ ሽያጩን ያፋጥነዋል። መዘግየቱ እግዱን ከንቱ እንደሚያደርገው በቃለ መሐላሽ ላይ ካሳየሽ ግን እሱ ሳይጠራም ትዕዛዝ ሊሰጥ ይችላል። «ሊሸጥ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም። ገዢው መቼ እንደመጣ፣ ማን እንዳመጣው፣ ስለ ቀብድ ተነጋግረው እንደሆነ ጻፊ። እኔ ደላላው በራችን ላይ ቆሞ ለጎረቤታችን የነገራትን ሳይቀር አስፍሬያለሁ፤ ዳኛዋ ደጋግመው የጠየቁኝም ስለዚያ ነበር።

ሁለተኛ፣ ትዕዛዙን በእጅሽ ስትይዢ ሥራው አልቋል ብለሽ ወደ ቤትሽ አትሂጂ። ትዕዛዙ የቤቱ ማኅደር ውስጥ ገብቶ ካልታሰረ ሽያጩን የሚያቆመው ነገር የለም። ማኅደሩን የያዘው መሥሪያ ቤት ስደርስ መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሰው ወረቀቱን አንብቦ እንኳ አልጨረሰም። ትዕዛዙ ላይ ያለው አዲሱ የቀበሌ ቁጥር ነው፤ ማኅደሩ ላይ ያለው ደግሞ የድሮው። «ይህ ቤት እኛ ዘንድ የለም» አለና ወረቀቱን በጣቱ ጫፍ ወደ እኔ ገፋው። የካርታውን ፎቶ ኮፒ ባሳየው ነገ ነይ አለኝ። በማግስቱ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው ተባለ። እናቴ በድሬ ፀሐይ በረንዳው ላይ ቆማ ስትጠብቅ ወንበር ያቀረበላት ሰው አልነበረም። የፍርድ ቤት ትዕዛዝ በመስኮት ሠራተኛ መልካም ፈቃድ የሚፈጸም ይመስል! ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወደ ችሎቱ ተመልሼ ትዕዛዙ የድሮውንም የአዲሱንም ቀበሌ፣ የቤት ቁጥሩንና የካርታውን ቁጥር አንድ ላይ እንዲይዝ አስደረግሁ። አንቺ ከመጀመሪያው እንዲህ አስጽፊው። ከዚያ በራሴ ግልባጭ ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ካላረፈ አልወጣም ብዬ ቆምኩ። ማኅደሩ ከመደርደሪያ ወርዶ፣ ዓይኔ እያየ ሽፋኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «እግድ አለበት» ተብሎ ተጻፈ። በዚያው ሳምንት ወንድማችን ገዢውን ይዞ ስም ሊያዛውር ሄደ፤ ያ ቀይ ጽሑፍ መለሰው።

ሦስተኛ፣ የትኛው ፍርድ ቤት ለሚለው፦ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 በቀጥታ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚቀርበው ከ10 ሚሊዮን ብር በላይ የሆነ የፍትሐ ብሔር ክርክር ነው። ከዚያ በታች ከሆነ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይጀምራል፤ ከፍተኛው የሚያየው በይግባኝ ነው። ግምቱን ሳያጣሩ ገብተው «ሥልጣን የለንም» ተብለው የተመለሱ አውቃለሁ። ሐረር ያለ ዘመድ የሚነግርሽንም እንዳለ አትቀበዪ። እዚያ ያሉት እንደ ድሬዳዋ የፌዴራል ሳይሆኑ የክልሉ ፍርድ ቤቶች ናቸው፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ክርክር ደግሞ የሚታየው ንብረቱ ባለበት ቦታ ነው። በወንድምሽ እጅ ያለውን የወራሽነት ማስረጃ በሚመለከት፣ ማስረጃውን ለሰጠው ፍርድ ቤት በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 358 መቃወሚያ አቅርቢ። አንቺም የአባትሽ ልጅ ሆነሽ ሳለ በሌለሽበት የተሰጠ ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ወንድማችንን ያሸነፍነው። ካርታው በአባታችን ስም ስለሆነ ቤቱ ሙሉ በሙሉ ውርስ ነው ብሎ ይከራከር ነበር። አይደለም! ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። በቁጥር 63 መሠረት በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው። ቤታችን ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው፤ እናትና አባታችን ከተጋቡ በኋላ አብረው የሠሩት ነው። ስለዚህ ግማሹ ከውርሱ በፊት የእናታችን ነው። ውርስ የሚባለው ቀሪው ግማሽ ሲሆን፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ወንድ ሴት፣ የዚህ እናት የዚያ እናት ሳይባል ለልጆች እኩል ይከፈላል። እኛ አምስት ነን። ቤቱ የኔ ነው እያለ ደላላ ሲያዞር የነበረው ሰው ድርሻው አንድ አሥረኛ ሆነ።

ጋብቻውን ማስረዳት ግን ቀላል አልነበረም። የኒካህ ወረቀታቸውን የ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ከሳጥኑ ጋር ወስዶታል። የረዳን የእድሩ መዝገብ ነው፤ አባቴና እናቴ እንደ ባልና ሚስት ተመዝግበው ለዓመታት የከፈሉበት ገጽ ተገኘ፤ ጎረቤቶችም መሰከሩ። የእናትሽ ወረቀት ከጠፋ የእድሩን ጸሐፊ ዛሬውኑ አናግሪ።

ወንድማችን ጉዳዩን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊወስደውም ሞክሮ ነበር። ሃይማኖቴን አከብራለሁ፤ ሆኖም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት እንዲህ ያለው ዳኝነት የሚኖረው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ብቻ ነው። እናቴ አልፈቀደችም፤ ነገሩ በዚያው ቆመ። የተቆጧት ዘመዶች ነበሩ፤ ቤቱን የሠራችው ግን እሷ ናት።

ሽማግሌ የምትፈልጊ ከሆነ ደግሞ ከእግዱ በኋላ ፍርድ ቤቱ ራሱ ይጠራሻል። በዚሁ በአዋጅ 1234 የመጣ ፍርድ ቤት መር ማስማማት የሚባል አሠራር አለ፤ እዚያ የተፈረመና ፍርድ ቤቱ ያጸደቀው ስምምነት እንደ ፍርድ ይፈጸማል። እኛ የጨረስነው በዚሁ ነው፤ ቤቱ በባለሙያ ተገምቶ የወንድማችንን ድርሻ በገንዘብ ከፈልነው። ሰፈር ውስጥ ተቀምጦ የሚመላለስ ሽማግሌ ግን ጊዜሽን ይበላል። የውርስ ጥያቄ መብትሽንና ንብረቱ በሌላ ሰው እጅ መሆኑን ካወቅሽበት ጊዜ ጀምሮ በሦስት ዓመት ይታገዳል፤ ወንድምሽ «ሰው ይግባ» እያለ የሚያቆይሽ ይህን አውቆ ሊሆን ይችላል።

የዳኝነት መክፈያ ከሌለሽ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ትችያለሽ። ከተፈረደብሽ ደግሞ ይግባኙ በ60 ቀን ውስጥ ነውና የፍርዱን ግልባጭ ወዲያው ጠይቂ። የእኔን የእግድ ማመልከቻና ቃለ መሐላ ስሞቹን ሸፍኜ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። የካርታውን ቁጥር፣ የድሮውንና የአዲሱን ቀበሌ አሁኑኑ ጽፈሽ ያዢ፤ ነገ ጠዋት መዝገብ ቤቱ ሲከፈት እዚያ ተገኚ።