ልጄ ጠበል ሲነካው ይጮኻል፤ “መንፈስ ነው” ይሉኛል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ አራት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አለኝ። ስሙን ስጠራው አይዞርም፣ ዓይን ለዓይን አያየኝም፣ አፉንም አልፈታም። ሐኪሞች ኦቲዝም አለበት ብለውኛል። ዘመዶቼ ግን “የመንፈስ ሥራ ነው፤ ሕክምናውን ተዪና ጠበል ይዘሽው ግቢ” ይላሉ። ጠበል ስወስደው ውኃው ሲነካው ስለሚጮኽ “ይኸው ለፈለፈ” ይባላል። በቅዳሴ ሰዓት ይረብሻል፣ ማተብ ባስርለት ይበጥሰዋል፣ ከሁለት ዓይነት ምግብ በቀርም አይበላም። እንዴት ላቍርበው? ጾሙንስ እንዴት ላድርግ? ይህ ሁሉ በእኔ ኃጢአት የመጣ ይሆን?

መልስ፦ ተወዳጅ እኅታችን፣ በመጨረሻ ከጠየቁት ልጀምር፤ ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የሚነሳዎት እርሱ ይመስለኛልና። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው “ማን ኃጢአት ሠርቶ ነው? እርሱ ወይስ ወላጆቹ?” ብለው በጠየቁት ጊዜ፣ ጌታችን እርሱም ወላጆቹም በኃጢአታቸው ይህን እንዳላመጡት መልሶላቸዋል (ዮሐ. 9፥1-3)። ስለዚህ በእናት ፊት የማን ኃጢአት እንደሆነ የሚመራመር ዘመድ፣ ጌታ የዘጋውን ጥያቄ መልሶ እየከፈተ ነው። ኦቲዝም ከመወለድ በፊት የሚጀምር የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ሲሆን በዘር የሚወረስ ነገርም ትልቅ ድርሻ አለው፤ በአስተዳደግ ጉድለት ወይም በክትባት የሚመጣ አይደለም። በምዕራቡ ዓለም ሳይቀር በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ አንዳንድ ምሁራን የእናት ፍቅር ማነስ ያመጣው ነው እያሉ እናቶችን ይከሱ ነበር፤ ስሕተት መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ብዙ እናቶች ያለ በደላቸው አልቅሰዋል።

ስለ ጠበሉ፣ ቤተ ክርስቲያን በጠበል መፈወስን ታምናለች፤ እኔም አምናለሁ። ልጅዎን ማስጠመቅዎ መልካም ነው። ነገር ግን የልጅ ጩኸት ሁሉ የመንፈስ ጩኸት አይደለም። ብዙ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ድምፅን፣ ብርሃንንና ንክኪን እኛ ከምንሰማው እጅግ አይሎ ይሰማቸዋል። በማለዳ ብርድ ልብሱን አውልቀው፣ በማያውቃቸው ሰዎች መካከል አቁመው፣ ቀዝቃዛ ውኃ ድንገት በፊቱ ላይ ሲያፈሱበት መናገር የማይችል ሕፃን ከመጮኽ በቀር ምን ሊያደርግ ይችላል? ቅዱስ ማቴዎስ ወደ ጌታ የመጡትን ሲዘረዝር በልዩ ልዩ ደዌ የታመሙትንና አጋንንት ያደሩባቸውን ለይቶ ጽፏል (ማቴ. 4፥24)። ወንጌላዊው የለየውን እኛ ልንደባልቀው አይገባም።

ከአጥማቂው ካህን ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። ሰው ባልበዛበት ሰዓት፣ በእርስዎ እቅፍ ሆኖ፣ በመጀመሪያ እጁንና እግሩን ቀስ ብሎ በማስነካት ይጀመር፤ ቢጠጣው ወይም በእጅዎ ቢቀቡትም ጸበልነቱ አይቀንስም። ልጁን ማሰርና መምታት ግን በማንም ቢታዘዝ አይቀበሉ። በዚህ ላይ ለስላሳ ቃል መፈለግ አልችልም፤ ሕፃን መደብደብ መንፈሳዊ አገልግሎት ሊሆን አይችልም።

ሕክምናውንም አይተዉ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብረው፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይለናል። ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ ይህን እንሸጥልሃለን ከሚሉም ይጠበቁ። ሆኖም የንግግርና የባሕርይ ሥልጠና በለጋ ዕድሜ ሲጀመር ብዙ ይረዳል፤ ለወራት ጠበል ቦታ መክረም ደግሞ ይህን ጊዜ ይወስድበታል። አንዳንድ ልጆች የሚጥል በሽታም ስለሚኖርባቸው፣ ለዚያ የታዘዘ መድኃኒት ካለ ለጠበል ተብሎ አንድ ቀን እንኳ እንዳይቋረጥ አደራ እላለሁ፤ በድንገት ማቋረጡ ለሕይወት ያሰጋል። በአዲስ አበባ ራሳቸው የኦቲዝም ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል አለ፤ ከእርሱ በኋላም ወላጆች ተሰባስበው የመሠረቱት ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል ተከትሏል። ልጆች በቤት ተደብቀው በሚያድጉበት ዘመን መንገዱን የጠረጉት እንደ እርስዎ ያሉ ወላጆች ናቸው።

በቅዳሴ ይረብሻል ስላሉት፣ በበዓል ቀን የከበሮውና የድምፅ ማጉያው ጩኸት ለእርሱ ከባድ ነው። በዓል ባልሆነ ቀን ይምጡ፤ በዐፀዱ ከዛፉ ሥር፣ ከድምፅ ማጉያው ራቅ ብለው ያስቀድሱ። ብዙ ምእመናን በውጭ ቆመው ስለሚያስቀድሱ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። በመጀመሪያ ቀን ጥቂት ቆይታችሁ ብትመለሱ ይበቃል፤ በየጊዜው ይጨምሩለት። ዞሮ የሚገላምጥ ሰው አይጠፋም፤ ያ የእርሱ ጉድለት ነው። ሽባውን አራት ሰዎች ተሸክመው ጣራ ነድለው ባወረዱት ጊዜ ጌታ እምነታቸውን አይቶ ተናገረ ተብሎ ተጽፏል (ማር. 2፥5)፤ የተሸካሚዎቹን እምነት ማለት ነው። ልጅዎ አፉን ፈትቶ ባይጸልይም በእናቱና በጉባኤው እምነት ተሸክመው ያቀርቡታል።

ማተቡን የሚበጥሰው ክሩ አንገቱን ስለሚኮሰኩሰው ይሆናል። ለስላሳ ክር ይሞክሩ፤ እርሱንም ካልቻለው ይተዉት። ልጁ ክርስቲያን የሆነው በ40 ቀኑ በተቀበለው ጥምቀት ነው።

ቅዱስ ቍርባንን በተመለከተ፣ ሳይናገርና ሳያስረዳ እንዴት ይቈርባል ብለው አይጨነቁ፤ ቤተ ክርስቲያን ገና መናገር የማይችሉ ሕፃናትን ታቈርባለችና። የሚያስፈራው ቢተፋስ የሚለው ነው፤ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። ዲያቆኑ ክቡር ደሙን በዕርፈ መስቀል (በቍርባኑ ማንኪያ) ስለሚያቀብል፣ በቤትዎ በየዕለቱ በትንሽ ማንኪያ ውኃ እየሰጡ አፉን መክፈትና መዋጥ ያለማምዱት፤ አፉን በነጠላ መሸፈኑንም እንደ ጨዋታ ያስለምዱት። ቀኑ ሲደርስ ለቀዳሹ ካህን አስቀድመው ይንገሩ። በዚያ ቀን እንቢ ካለ በግድ አፉን አይፈልቅቁት፤ ለሌላ ቀን ያቆዩት።

ጾሙ ቀላል ነው። ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በጾም ሥርዓት አይያዝም። የሚበላቸው ሁለቱ ምግቦች ወተትና እንቍላል ቢሆኑም በዐቢይ ጾም ያለ ፍርሃት ይስጡት። ሰባት ዓመት ሲሞላውም ይህ ጠባይ ካልለቀቀው ከሐኪሙና ከንስሐ አባትዎ ጋር ተመካክረው የሚወሰን ነው። እርስዎም ሌሊቱን ከእርሱ ጋር ሲነቁ እያደሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ካቃተዎት፣ ያንኑ ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ ሰዓቱን እንደ አቅምዎ ይወስኑልዎታል።