የፊርማ ወረቀቱን ማን ሞላው?

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ በመድኃኒት ኩባንያ የሽያጭ ሠራተኛ ነኝ። ለሐኪሞች ሬስቶራንት ውስጥ እራት እናዘጋጃለን፤ አንዱ ሐኪም ስለ መድኃኒታችን ንግግር አድርጎ ይከፈለዋል። ለንግግር የሚመረጠው መድኃኒቱን አብዝቶ የሚያዝዝ ነው። የሚመጡት ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው፤ ሰው ሲያንስ የፊርማ ወረቀቱ ላይ ስም ይሞላል። ብጠቁም የገንዘብ ድርሻ አገኛለሁ? ቢያባርሩኝስ?

መልስ፦ ያሉት እውነት ከሆነ ነገሩ ከሥነ ምግባር ጉድለት ያለፈ ነው። ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድኖች) የሚከፍልበትን መድኃኒት እንዲያዝዝ ለሐኪም አውቆ ገንዘብ ወይም ግብዣ መስጠት በፌዴራል ሕግ እስከ 10 ዓመት ያሳስራል፤ ሰጪም ተቀባይም ይጠየቃሉ። የመድኃኒት ኩባንያው ኖቫርቲስ በ2020 በእንዲህ ዓይነት የእራት ንግግሮች ሳቢያ 678 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል፤ ክሱን የጀመረው የራሱ የሽያጭ ሠራተኛ ነበር።

በስልክ መጠቆም ብቻውን ድርሻ አያሰጥም። መንግሥትን በሐሰት ገንዘብ ያስከፈለ በሚከሰስበት የፌዴራል ሕግ፣ በፎልስ ክሌይምስ አክት መሠረት በጠበቃ በኩል በምስጢር ክስ መመሥረት አለበት። መንግሥት ክሱን ከተረከበው ድርሻዎ ከሚመለሰው ገንዘብ ከ15 እስከ 25 በመቶ፣ ካልተረከበው ከ25 እስከ 30 በመቶ ነው። ሌላ ሰው ከቀደመዎት በሩ ይዘጋል። ለበቀል ቢያባርሩዎት ወደ ሥራ መመለስና ያለፈውን ደመወዝ እጥፍ መጠየቅ ይችላሉ፤ ጊዜው 3 ዓመት ነው።

አሁን ወዳልጻፉት ልምጣ። «ስም ይሞላል» አሉ እንጂ ማን እንደሚሞላው አልነገሩኝም። በእንዲህ ያለ እራት ላይ ወረቀቱን ይዞ የሚዞረው የአካባቢው የሽያጭ ሠራተኛ ነው፤ እስክሪብቶው በእርስዎ እጅ የነበረ ይመስለኛል። ለእኔ ባይነግሩኝ ግድ የለም፤ ከሚቀጥሩት ጠበቃ ግን እባክዎ አይደብቁት። ዕቅዱን ያወጡና የጀመሩት እርስዎ ከሆኑ ፍርድ ቤቱ ድርሻዎን ሊቀንስ ይችላል፤ በዚሁ ተሳትፎዎ በወንጀል ከተፈረደብዎት ጨርሶ ያጡታል። በአለቃ ትእዛዝ መሙላት ዕቅዱን ከማውጣት ይለያል፤ ልዩነቱ ግን በማስረጃ መታየት አለበት።

ሰዎች ደጋግመው የሚወድቁትም እዚሁ ላይ ነው። ለመጠቆም ሲወስኑ በመጀመሪያ የሚያደርጉት ስልካቸውን ማጽዳት ነው። «አራት ሰው ብቻ መጣ፣ ምን ላድርግ?» ብለው ለአለቃዎ ልከው «አሥር አድርገው» የሚል መልስ መጥቶልዎት ከሆነ፣ መልእክቱ እርስዎን ያስጠይቃል፤ ትእዛዙ ከላይ መምጣቱን የሚያሳየውም እሱው ነው። እርስዎ ቢያጠፉት ከአለቃዎ ስልክ አይጠፋም። የሚጠፋው መከላከያዎ ነው። የፌዴራል ምርመራን ለማሰናከል ብሎ ማስረጃ ማጥፋት፣ ምርመራው ገና ባይጀመርም እንኳ፣ እስከ 20 ዓመት ያሳስራል፤ ከመደለያው ቅጣት እጥፍ ማለት ነው። የድሮ የወጪ ሪፖርት «ማስተካከል» ያው ነው። አይንኩት!

ይልቅ ቀኑን፣ ሬስቶራንቱን፣ በእርግጥ የተገኙትንና ሂሳቡን ከትውስታዎ ይጻፉ፤ በላዩም «ለጠበቃዬ» ይበሉበት። በሥራዎ እጅዎ የገባውን ሰነድ ይጠብቁ፤ የኩባንያውን ፋይል በጅምላ መገልበጥ ወይም የታካሚ መዝገብ መውሰድ ግን ሌላ ክስ ያመጣብዎታል። የሥራ መልቀቂያ ስምምነት ቢሰጡዎት ጠበቃ ሳያነበው አይፈርሙ። ለሥራ ባልደረባም ሆነ ለማኅበር ወዳጅ አያውሩ።

ይህ ጠቅላላ ምክር ነው። በዚህ ሕግ ላይ የሚሠራ ጠበቃ ዘንድ በዚህ ሳምንት ይሂዱ፤ ባይቀጥሩት እንኳ ለምክር ብለው የነገሩት በምስጢር ይጠበቃል። የሚቀጥለው እራት ከመድረሱ በፊት፣ «ስም ሙላ» ሲባሉ ምን እንደሚመልሱ ይጠይቁት። ስልክዎንም እንዳለ፣ አንድም መልእክት ሳያጠፉ ይዘው ይሂዱ።