ስለ ኒው ዮርክ ሬንስ የጠየቃችሁኝ

ስለ ጥንቱ የጥቁሮች ፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ ቡድን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ እንደ ደረሰኝ እየመለስኩ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ «ሬንስ» ማለት ምንድን ነው?

መልስ፦ የዳንስ ቤት ስም ነው። ከሴንት ኪትስ ደሴት የመጣው ቦብ ዳግላስ በ1923 ቡድኑን ሲያቋቁም፣ ኒው ዮርክ ውስጥ የጥቁሮች ሰፈር በሆነው ሃርለም ሬኔሳንስ የሚባል አዲስ አዳራሽ ነበር። የአዳራሹን ስም ለቡድኑ ሰጠ፣ በምትኩ መጫወቻ አገኘ። ወለሉ ለዳንስ የተወለወለ ስለሆነ ያንሸራትታል። ጨዋታው ሲያልቅ ሙዚቃው ይቀጥላል።

ጥያቄ፦ 88 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፉ የሚባለው ተረት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ በ1932–33 የውድድር ዘመን። ይበልጥ የሚገርመኝ ግን 88ቱን በ86 ቀን መጨረሳቸው ነው። በዚያ ላይ ብዙ ከተማ ውስጥ ሆቴል አያሳድራቸውም፣ ምግብ ቤት አያስተናግዳቸውም፤ አውቶቡሳቸው ውስጥ እየበሉ እየተኙ ነው ያሸነፉት። ያስቆማቸው ኦሪጅናል ሴልቲክስ ነው (የዛሬው ቦስተን ሴልቲክስ አይደለም፣ የሚጋሩት ስም ብቻ ነው)።

ጥያቄ፦ የትኛው ሊግ ውስጥ ነበሩ?

መልስ፦ እስከ 1948 የትኛውም ውስጥ አልነበሩም። በ1925 የተቋቋመው የአሜሪካ ሊግ ጥቁር ቡድን አላስገባም። ስለዚህ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ያገኙትን ይገጥማሉ። 2,588 ድልና 539 ሽንፈት ይቆጠርላቸዋል፤ ይህ ሁሉ በሊግ ሰንጠረዥ ላይ የለም።

ጥያቄ፦ የዓለም ሻምፒዮን ነበሩ ሲባል ሰምቻለሁ። የጃኬቱስ ታሪክ?

መልስ፦ በ1939 ቺካጎ ላይ በተደረገው የዓለም ፕሮፌሽናል ውድድር፣ በግማሽ ፍጻሜ ሌላውን የጥቁሮች ቡድን ግሎብትሮተርስን 27 ለ 23፣ በፍጻሜ የነጮቹን ቡድን ኦሽኮሽን 34 ለ 25 አሸነፉ። ዳግላስ ለተጫዋቾቹ ጃኬት አሠራላቸው፤ ጀርባው ላይ «የዓለም ባለቀለም ሻምፒዮን» ይላል («ባለቀለም» ያኔ ጥቁሮች የሚጠሩበት ቃል ነው)። ተጫዋቹ ጆን አይዛክስ ምላጭ ተውሶ «ባለቀለም» የምትለዋን ቃል ፈትቶ አወጣት። ዳግላስ ጃኬቱን አበላሸኸው ቢለው፣ አሳመርኩት እንጂ አለው። እኔ ከ88ቱ ድል ይህችን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ነጥቡ ለምን እንዲህ አነሰ?

መልስ፦ ኳስ የያዘ ቡድን በ24 ሰከንድ ውስጥ እንዲወረውር የሚያስገድደው ሰዓት የመጣው በ1954 ነው። ከዚያ በፊት የፈለገ ኳሷን ይዞ ይዞራል።

ጥያቄ፦ መጨረሻቸውስ?

መልስ፦ እዚህ ላይ ነው የምናደደው። በ1948 መጨረሻ፣ ኤንቢኤል በሚባለው የያኔው የአሜሪካ ሊግ ውስጥ የዲትሮይት ቡድን ከ19 ጨዋታ 17ቱን ተሸንፎ ሲበተን፣ ቦታውን እነሱ እንዲሞሉ ተጠሩ፤ ከኦሃዮዋ ዴይተን ሆነው። ተጫዋቻቸው ፖፕ ጌትስ አሠለጠነ። በራሳቸው 14 አሸንፈው 26 ተሸነፉ፤ የዲትሮይት ዕዳም በላያቸው ላይ ተደምሮ 16 ለ 43 ተባለ። እንግዲህ በሊግ መዝገብ የተጻፈላቸው ብቸኛ ዓመት ይህ ነው! በ1949 ኤንቢኤል ከሌላ ሊግ ጋር ተዋህዶ የዛሬው ኤንቢኤ ሲመሠረት ዴይተን አልተካተተም።

ጥያቄ፦ ኒው ዮርክ ነው የምኖረው፤ አዳራሹን ሄጄ ማየት እችላለሁ?

መልስ፦ አትችልም ወንድሜ። በ2015 ፈርሶ አፓርታማ ተሠርቶበታል።