ጥርሱ ይነቀል ወይስ ይታከም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከደብረ ሲና ነው። እናቴን የታችኛው መንጋጋ ጥርሷ ያማታል። ደብረ ብርሃን ወስጄ ሳሳያት «ይነቀል» አሉን። ወንድሜ ደግሞ ከፐብሜድ ጋር የተገናኘ ኤአይ ጠይቆ «ሩት ካናል ይሻላል» የሚል መልስ ከነጥናቶቹ አመጣ። ማንን ልስማ? እስከዚያስ አሞክሳሲሊን ልስጣት?

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ መጠየቁን ወድጄለታለሁ። የተነቀለ ጥርስ አይመለስም፤ ሩት ካናል ግን የታመመውን ነርቭ አውጥቶ ውስጡን በመሙላት ጥርሱን ቦታው ላይ የሚያቆይ ሕክምና ነው።

አሞክሳሲሊኑን በራስሽ አትስጫቸው። ሕመሙ ከነርቩ መቆጣት ከሆነ አያስታግስም። ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ዓለም አቀፍ ድርጅት ጥናቶችን ሰብስቦ ሲመረምር ያገኘው ማስረጃ ጥቂት ቢሆንም፣ የአሞክሳሲሊን ዘመድ የሆነው ፔኒሲሊን ለእንዲህ ያለ ሕመም እንደሚረዳ አላሳየም። ለጊዜው ፓራሲታሞል በልኩ ይውሰዱ። ፊታቸው ካበጠ፣ ካተኮሳቸው ወይም መዋጥ ካቃታቸው ግን ነገ አትበዪ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል አድርሻቸው።

ወደ ኤአዩ ልምጣ። ፐብሜድ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት በነፃ የከፈተው የጥናት ማውጫ ነው፤ ከ35 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ተመዝግበውበታል። ብዙ ጊዜ እዚያ የሚገኘው አጭር ማጠቃለያ እንጂ ሙሉው ጥናት አይደለም። ኤአዩም ያችኑ አንብቦ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ጽሑፍ ፒኤምአይዲ የሚባል ቁጥር አለው። ወንድምሽ ቁጥሩን ፐብሜድ ላይ ይጻፈው። ሌላ ርዕስ ከመጣ ያንን መልስ ይተወው። ትክክለኛው ከመጣ ደግሞ ጥናቱ በምን ዓይነት ጥርሶች ላይ እንደተሠራ ያንብብ። ሩት ካናል ጥናት ውስጥ የሚገቡት አብዛኛውን ጊዜ ይድናሉ ተብለው የተመረጡ ጥርሶች ናቸው። የእናትሽ ጥርስ ከእነዚያ ወገን መሆኑን ኤአዩ በምን ያውቃል? ራጃቸውን አላየም። ጥርሱ እስከ ሥሩ ከተሰነጠቀ ወይም ከድድ በላይ የቀረው የጥርስ ክፍል ክራውን የሚባለውን ሽፋን የማይሸከም ከሆነ፣ ሩት ካናል ብር መጣል ነው።

ስለዚህ ተመልሳችሁ ሐኪሙን ጠይቁት። «ይነቀል» ያለው ራጅ አንሥቶ ነው ወይስ አፍ አስከፍቶ ብቻ? ጥርሱ የማይድን ሆኖ ነው ወይስ እዚያ ሩት ካናል ስለማይሠራ? ይህ ሁለተኛው ምክንያት እኛ ዘንድ ብዙ ነው፤ ለታካሚው ግን አይነገረውም። ያስቆጨኛል። ራጅ ካልተነሣ ሳይነሣ እንዳይነቀል።

ሩት ካናል በአንድ ቀጠሮ ላያልቅ እንደሚችልም እናትሽ ይወቁት። የመንጋጋ ጥርስ ስለሆነ በኋላ ክራውን ያስፈልገዋል፤ ካልተሸፈነ ሊሰበር ይችላል። ወደ ደብረ ብርሃን የጣርማ በርን ዳገት ደጋግሞ መውጣቱም ወጪውም ከከበዳቸው፣ መነቀሉን መምረጥ መብታቸው ነው። ራጁን በስልክሽ ፎቶ አንሥተሽ ያዢው። ሌላ ሐኪም ማማከር ብትፈልጉ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።